የምንመዝነው ተማሪው ያቀረበውን ነው ወይስ የሠራውን?

ይህ የውይይት መድረክ ክር፣ ማለትም በአንድ ጽሑፍ ሥር የተሰጡ ተከታታይ ምላሾች፣ በጣም ስለረዘመና መሃል ላይ ወዲያና ወዲህ ስለተጓተተ፣ ዘግይታችሁ የምትገቡ አንባቢዎች እንዳትጉላሉ ምላሾቹን በቁጥራቸው ተራ እተርካለሁ። ሁሉንም እኩል አላስተናገድኩም፤ ቁም ነገር ያለባቸው ላይ ቆይቻለሁ፣ ሌላውን ፈጠን ብዬ አልፌዋለሁ። የራሴን አስተያየት ጣል ማድረጌም አልቀረም።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ጸሐፊው በጠቅላላ ሕክምና ክሊኒክ ረጅም ዘመን የሠሩ ሐኪም ናቸው። ሁለት የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ተመድበውባቸዋል። ጭንቀታቸው ግልጽ ነው፤ ተማሪውን ጥግ ላይ ቢያስቀምጡት ሲያዛጋ ይውላል፣ ታካሚ እንዲያይ ቢለቁት ደግሞ እሳቸው ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ መድገም ይኖርባቸዋል፣ ደጅ ያለው ወረፋም አይታገሣቸውም። ከጥያቄው ጋር አንድ ደፋር አቋም አስቀመጡ። እዚህ ደረጃ የደረሰ ተማሪ የሕመም ታሪክ መውሰድንም አካል መመርመርንም ሆስፒታል ውስጥ ተምሮ ጨርሷል፤ በጠቅላላ ሕክምና የሚቀረው ነባሩ ሐኪም እንዴት እንደሚወስን ማየት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቀመጡ ይበቃዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የምዘና ቅጽ እንጂ ጊዜ እንደማይልኩላቸው አክለውም ጽሑፋቸውን ዘጉ። ክሩን ያጋጋለው ይህ መጨረሻው ይመስለኛል።

ምላሽ 1። በትሕትና የጀመረ ነው። አንዲት ሐኪም ጥግ ላይ መቀመጥ ለመጀመሪያው ግማሽ ቀን እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወንበር መለዋወጥ እንደሚሻል ጻፉ። ተማሪው በሐኪሟ ወንበር ይቀመጣል፤ እሳቸው ከጎን፣ ግድግዳውን ተጠግተው ይሆናሉ። ታካሚው በልማድ ወደሚያውቋቸው ሐኪም እየዞሩ መናገራቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ሐኪሟ አይናገሩም፤ ዓይናቸውን ወደ ተማሪው ይመልሳሉ፣ ታካሚውም ዓይናቸውን ተከትለው ወደ ተማሪው ይዞራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደረገ ጨዋታው በተማሪው እጅ ይገባል። ከክሩ ሁሉ ያለ ምንም ዝግጅት ነገ ጠዋት ሊሞከር የሚችለው ይህ ነው።

ምላሽ 2። ስለ ጊዜ ለተነሣው ቅሬታ ሒሳብ ይዞ መጣ። ጸሐፊው ለአንድ ታካሚ 20 ደቂቃ ከተመደበ እንዴት እንደሚሠሩ ዘረዘሩ። 3፡00 ላይ ሁለት ታካሚዎች አብረው ይጠራሉ፤ አንደኛውን ተማሪው በሌላ ክፍል፣ ሌላውን ሐኪሙ ያያሉ። 3፡20 ላይ ሐኪሙ ወደ ተማሪው ክፍል ገብተው የመጀመሪያውን ታካሚ ጉዳይ አብረው ይጨርሳሉ። 3፡40 ላይ ሐኪሙ ሦስተኛውን ታካሚ ሲያዩ ተማሪው መዝገቡን ይጽፋል። ተማሪ በሌለበትም ቀን በሰዓት የሚታዩት ሦስት ነበሩ፣ አሁንም ሦስት ናቸው። በዚህ አሠራር የሚያተርፈው ተማሪው ነው፤ 40 ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር ይቆያል፣ ይህን የሚያህል ጊዜ ከተመረቀ በኋላ አያገኝም።

ምላሽ 3 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃል። ምላሽ 4 ለዚህ መልስ ሲሰጥ ክፍሉ አንድ ከሆነ ተማሪው ታካሚው ከመግባታቸው በፊት መዝገቡን አንብቦ ሦስት ጥያቄ እንዲያዘጋጅ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እሱ እንዲመራ ሐሳብ አቀረበ። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን መዝገብ አስቀድሞ ያነበበ ተማሪ ታካሚውን ሳይሆን መዝገቡን እንደሚመረምር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ምላሽ 5። ረጅሙና በብዙዎች የተመሰገነው ይህ ነው። ጸሐፊው ኔር የተባሉ የቤተሰብ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረቡትን፣ የአንድ ደቂቃ አስተማሪ እየተባለ የሚጠራውን ዘዴ አስታወሱ። አምስት እርምጃ አለው፤ ተማሪው አቋም እንዲይዝ መጠየቅ፣ ለምን እንዲህ እንዳለ ማስረጃውን ማስወጣት፣ አንድ አጠቃላይ መርሕ ማስተማር፣ በትክክል የሠራውን ለይቶ መንገር፣ የሳተውን ማረም። ጸሐፊው በዚህ አላበቁም፤ ከራሳቸው ክሊኒክ ምሳሌ አመጡ። አንድ ተማሪ ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸውን አረጋዊ አይቶ ወጣ፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን እንዲታዘዝ ፈለገ። ሐኪሙ ወዲያው አላረሙትም። ምን እንደጠረጠረና ለምን እንደጠረጠረ ጠየቁት። ሲናገር የራሱ ቃል አጋለጠው፤ አረጋዊው በቅርቡ የጀመሩትን መድኃኒት አልጠየቃቸውም ነበር። ከዚህ በኋላ የተሰጠው መርሕ አጭር ነው፤ ለሚያዞራቸው አረጋዊ በመጀመሪያ የመድኃኒት ዝርዝራቸውን እይ፣ የደም ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለካ። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከወረደ ምክንያቱን አገኘህ ማለት ነው። ተማሪው ተመልሶ ለካ፤ ወርዶ አገኘው። የማዞሩን ምክንያት ራሱ ደረሰበት፣ የመድኃኒቱን ማስተካከያም ራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበ።

ምላሽ 6። ጨዋ ግን ጠንካራ እርማት ነው። አንድ ደቂቃ የሚለው ስም ሰውን እንደሚያሳስት፣ በእሳቸው ልምድ ሦስትም አራትም ደቂቃ እንደሚወስድ ጠቀሱ። ዋናው እርማታቸው ሌላ ነው፤ አምስቱ እርምጃዎች ሁሉ በአስተማሪው ጥያቄ የሚነዱ ስለሆኑ ተማሪው መጠየቅን ሳይሆን መመለስን ይለምዳል። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ በ2003 የቀረበውን፣ ተማሪው ራሱ የሚመራውን ባለስድስት እርምጃ አቀራረብ ይመርጣሉ፤ እዚያ ላይ ተማሪው ታሪኩን ያሳጥራል፣ የሚጠረጥራቸውን ሁለት ሦስት በሽታዎች ያነጻጽራል፣ ከዚያ ያልገባውን ራሱ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም በራሱ የሚያጠናውን አንድ ነገር ይመርጣል። ያልገባህን ጠይቅ የሚለው እርምጃ አስደናቂ ነው፤ ብዙ ተማሪ አለማወቁን መደበቅ ለምዶ ነው እዚህ የሚደርሰው።

ምላሽ 7። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊዋ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ ሐኪምና ስለ ተማሪ መሆኑን፣ ታካሚው የሚጠቀሱት እንደ ዕቃ መሆኑን በቁጣ ተናገሩ። ፈቃድ የሚጠየቀው እንዴት ነው ብለው ሞገቱ። ተማሪው አጠገባቸው ቆሞ ፈገግ እያለ ታካሚው እምቢ የማለት አቅም እንደሌላቸው፣ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ገና እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ተማሪው በሌለበት፣ እምቢ ማለትም ሕክምናውን እንደማያጓድል ተነግሯቸው እንደሆነ ጻፉ። ገላ የሚገለጥበት ምርመራ ሲኖር ደግሞ ፈቃዱ ዳግመኛ ለብቻው እንደሚጠየቅና ሦስተኛ ሰው እንደሚገኝ አስረገጡ። የተቃወማቸው የለም። ምላሽ 2ን የጻፉት ሐኪም ብቻ ሰዓት ሲደለድሉ ይህን እንዳልዘነጉት ለመከላከል ሁለት መስመር አከሉ፤ በ8ኛ ቁጥር የተመዘገበው ይህ ነው።

ምላሽ 9። ጸሐፊዋ ሐኪም አይደሉም። ታካሚ ሆነው ተማሪ አይቷቸው ያውቃል። ተማሪዋ ታግሣ እንዳዳመጠቻቸው፣ ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን እንደጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ሆዳቸውን ከሚያማቸው ይልቅ እንቅልፍ የነሣቸው እኅታቸው በዚሁ ዕድሜ በካንሰር መሞቷ መሆኑን እንደነገሯት ጻፉ። ከዚያ ዋናው ሐኪም ገቡ፤ ተማሪዋ ያገኘችውን ቆማ ለሐኪሙ አቀረበች። የሕመሙ ጊዜ፣ ቦታ፣ ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ማስመለስ ይኑር አይኑር፣ ክብደት ይቀንስ አይቀንስ ሁሉም በሥርዓት ተነገረ። የእኅታቸው ነገር ግን አልተነሣም። ሐኪሙ አቀራረቧን አመሰገኑ፣ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘ፣ ታካሚዋ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ብዙዎች ይህን ምላሽ አዝነው አለፉት፤ እኔ ግን የክሩ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ወጥቶ ሳለ ለረጅም ጊዜ ያነሣው ሰው በመጥፋቱ ተገርሜያለሁ። ሐኪሙ የመዘኑት ተማሪዋ ያቀረበችውን ነው። አቀራረቡ ጥሩ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተደረገውን ግን፣ በጎውንም ጉድለቱንም፣ ያየ አልነበረም። ታግሣ ማዳመጧ አልተመሰገነም፤ ከሰማችው ዋናውን መጣሏም አልታረመም።

ምላሽ 10 እና 11። ክሩ ወደ ቁጥር ዞረ። በ10 የጻፉት ሐኪም ኬር ዋይትና ባልደረቦቻቸው በ1961 ያወጡትን ታዋቂ ስሌት አመጡ፤ ከ1,000 ሰዎች 750ው ሕመም ይሰማቸዋል፣ 250ው ሐኪም ያያሉ፣ 9ኙ ሆስፒታል ይተኛሉ፣ አንድ ሰው ብቻ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይደርሳል። ተማሪዎቻችን ዓመታት የሚያሳልፉት በዚያ አንድ ሰው አልጋ ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ የመክፈቻው ጸሐፊ ተማሪው ሁሉን ጨርሶ መጥቷል ማለታቸው እንደማያስኬድ ተከራከሩ። ደረቱን የሚያመው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣና ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ሲመጣ የልብ ሕመም የመሆኑ ዕድል አንድ አይደለም፤ ያው ምልክት ሌላ ትርጉም ይይዛል። በ11 የጻፉት ደግሞ ስሌቱን አረሙ፤ ቁጥሩ የአዋቂዎች ብቻ መሆኑን፣ የአንድ አማካይ ወር መሆኑን፣ ወደ ሌላ ሐኪም የሚላኩ 5 ሰዎችም መዘንጋታቸውን ጠቆሙ። ጨመር አድርገውም ይህ ስሌት ተማሪን ያዘናጋል ብለው ሠጉ፤ አደገኛው በሽታ ጥቂት ነው ማለት አይመጣም ማለት አይደለም፣ የጠቅላላ ሐኪም ጭንቀትም ከሃምሳ ተራ ራስ ምታት አንዷን መለየት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን እርስ በርሳቸው የተቃረኑ መስሏቸው ሌላ ሁለት ምላሽ (12 እና 13) ተመላለሱ። እነዚያን መዝለል ይቻላል።

ከ14 እስከ 17 ተማሪ ነጭ ጋዋን መልበስ አለበት ወይስ የለበትም በሚል ጠፋ። የአለባበስ ጉዳይ በየትኛውም መድረክ ጸሐፊ አያጣም። ከዚህ ሁሉ የተረፈው አንድ ነገር ቢኖር፣ ታካሚው የሚያያቸው ማን እንደሆነ እንዲያውቁ ተማሪው ተማሪ መሆኑ በደረት መታወቂያውም በአንደበቱም መገለጽ እንዳለበት መስማማታቸው ነው።

ምላሽ 18። የመክፈቻው ጸሐፊ ተመለሱ፤ የተበሳጩ ይመስላሉ። ዘዴ ዘረዘራችሁልኝ፣ እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ ኃላፊነት ነው የሚል መንፈስ አለው። ማዘዣው ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ተማሪው አንድ ነገር ቢስት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ያልነኩትን ሆድ መርምሬያለሁ ብለው እንዴት እንደሚፈርሙ ጠየቁ።

ምላሽ 19 ጨካኝ ነው። እንዲህ የሚፈሩ ከሆነ ተማሪ ባይቀበሉ እንደሚሻል፣ ለሁሉም እንደሚበጅ፣ ያለ ቅሬታ የሚያስተምሩ ሞልተው እንደተረፉ ጻፈ። ይህ ተገቢ አልነበረም። ጥያቄው የፍርሃት ሳይሆን የጥንቃቄ ነው፤ ያልነኩትን ሆድ መርምሬያለሁ ብለው የማይፈርሙ ሐኪም ተማሪዎቼን ባስተማሩልኝ ያሰኛሉ።

ምላሽ 20። ጭቅጭቁን ያበረደው ይህ ነው። ጸሐፊዋ መተማመን በሰው ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ መሆን አለበት የሚለውን፣ የሕክምና ትምህርት ተመራማሪው ኦሌ ቴን ካቴ በ2005 ያቀረቡትን ሐሳብ አመጡ። ይህን ተማሪ ላምነው እችላለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። ይህን ተማሪ በዚህ ሥራ ላይ፣ በምን ያህል ቅርበት ብከታተለው ላምነው እችላለሁ ብሎ መጠየቅ ግን መልስ አለው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፤ ማየት ብቻ፣ አሠልጣኙ ክፍሉ ውስጥ እያሉ መሥራት፣ አሠልጣኙ በቅርብ ኖረው ሲጠሩ የሚደርሱበት፣ ራስን ችሎ መሥራት፣ ሌሎችን መከታተል። አንድ ተማሪ የቁስል ፋሻ በመለወጥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ፣ መጥፎ የላቦራቶሪ ውጤት በመንገር ገና አንደኛው ላይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2014 ለተመራቂዎች ካወጣቸው 13 ሥራዎች የሚጠበቀውም ሦስተኛው ደረጃ መሆኑን አስታወሱ። ስለ ፊርማው ደግሞ እንዲህ መለሱ፤ ሆዱን በአጭሩ ዳግመኛ መንካት ድግግሞሽ ሳይሆን የሥራው አካል ነው፤ ተማሪው ያገኘውን ካቀረበ በኋላ፣ ታካሚው ባሉበት፣ የተማሪው እጅ ባረፈበት ቦታ ላይ የሐኪሙ እጅ ያርፋል። ከሀ እስከ ፐ አይደገምም፤ ውሳኔውን የሚለውጠው ነገር ብቻ ይደገማል።

የመክፈቻው ጸሐፊ ለዚህ በ21 አመሰገኑ። በ22 ደግሞ የ19ኙ ጸሐፊ ይቅርታ ሳይጠይቁ ስለ ሌላ ነገር ጻፉ።

ምላሽ 23። ጽሑፉ አጭር ነው፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉም ይበልጣል። ጸሐፊዋ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ የአንድን ተማሪ ሙሉ ምርመራ ታካሚው ከገቡበት እስከሚወጡበት ዝም ብለው ያያሉ። የተለየ ዝግጅት የላቸውም፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ። ያዩትንም ዘረዘሩ። በሆስፒታል ምዘናው እጅግ በጣም ጥሩ የተሰጠው ተማሪ የደም ግፊት መለኪያውን በወፍራም ሹራብ እጅጌ ላይ ጠቀለለ። ታካሚዋ ወንበሩን ሳይደገፉ፣ እግራቸውን አነባብረው፣ ስለ ልጃቸው እያወሩ ተለኩ፤ እሱም እያስወራቸው ለካ። የላይኛው 158 ተብሎ ተመዘገበ። ታካሚዋ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይናገሩ ሲለኩ 136 ሆነ። ተማሪው ውጭ ወጥቶ ቢያቀርብ ኖሮ የሚሰማው 158 ብቻ ነበር፤ በዚያም ላይ የሚያምር የሕክምና ዕቅድ ይዘረጋ ነበር። ሌላዋ ተማሪ የሕፃን ጆሮ ስታይ የጆሮውን ቅጠል እንደ አዋቂ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበች፤ ሕፃን ላይ ወደ ታች መሳብ እንዳለበት እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገራትም፤ ምክንያቱም ስታይ ያያት የለም። ሦስተኛው ተማሪ ታካሚዋ ባለቤታቸውን በጠቀሱ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል።

ጸሐፊዋ ለዚህ ጥናትም አላጡም። ቤክማንና ፍራንክል በ1984 በ74 የሐኪምና የታካሚ ግንኙነቶች ላይ ታካሚዎች ሐሳባቸውን እንደጀመሩ በአማካይ በ18 ሴኮንድ እንደሚቋረጡ፣ ጅምራቸውን የጨረሱት 23 ከመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳይተዋል። በሌላ በኩል ሃምፕተንና ባልደረቦቻቸው በ1975 በ80 አዲስ ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በ66ቱ የመጨረሻው የበሽታ ስም የታወቀው ከሪፈራል ደብዳቤውና ከታሪካቸው ብቻ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው፤ በሽታው የሚገኘው በንግግሩ ውስጥ ነው፣ ንግግሩ ደግሞ በ18ኛው ሴኮንድ ይቆረጣል፣ የሚቆርጠውን ተማሪ የሚያየው የለም። የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ጆርጅ ሚለር በ1990 ማወቅን፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን፣ ሠርቶ ማሳየትንና በሥራ ላይ ማድረግን ደረጃ በደረጃ ለይተው ካስቀመጡ ስንት ዘመን አለፈ፤ እኛ ግን የመጨረሻውን ደረጃ በሁለተኛው መለኪያ እንመዝናለን።

ምላሽ 24 ተማሪ ሲታይ ያስመስላል የሚል ተቃውሞ አነሣ። ምላሽ 25 መለሰለት፤ ማስመሰል የሚችለው ማድረግ የሚችለውን ብቻ ነው፣ የሕፃን ጆሮ መሳብን የማያውቅ አስመስሎ አይስብም። በታካሚ ፈቃድ ቪዲዮ መቅረጽም እንደሚቻል፣ ተማሪው ራሱን ሲያይ ከማንም በላይ ራሱን እንደሚገሥጽ አከለ። ይህ አይከፋም፤ ግን ቪዲዮ ክሊኒኩ ውስጥ የሚቀመጥበትና የሚደመሰስበት ደንብ ከሌለ አለመጀመሩ ይሻላል።

ምላሽ 26 ስለ ግብረ መልስ ነው። አንድ ሐኪም ፔንድልተንና ባልደረቦቻቸው በ1984 ያስቀመጡትን ቅደም ተከተል፣ ማለትም በመጀመሪያ ተማሪው ጥሩ የሠራውን ይናገር፣ ቀጥሎ አሠልጣኙ፣ ከዚያ ወደሚሻሻለው የሚለውን ደገፉ። ምላሽ 27 አፌዘበት፤ ተማሪዎች ምስጋናውን ሲሰሙ ዱላውን መጠበቅ እንደለመዱ፣ እሳቸው በቀጥታ ቀጣዩ ታካሚ ከመግባታቸው በፊት ወንበርህን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጣ፣ ስክሪኑን ወደ ጎን አዙር እንደሚሉና ሌላ እንደማይሉ ጻፉ። ሁለቱ ሲነታረኩ በ28 የገቡት ሰው ቅደም ተከተሉ ለጀማሪ አሠልጣኝ እንደሚጠቅም፣ ለተማሪ ግን ከቅደም ተከተሉ ይልቅ የተባለው ነገር ከሚቀጥለው ታካሚ ጋር ሊሞከር የሚችል መሆኑ እንደሚበልጥ ተናገሩ። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። በርታ የሚባል ግብረ መልስ ምንም አይረባም።

ምላሽ 29። የማይደፈረውን ደፈሩት። ጸሐፊው ስለሚወድቅ ተማሪ ጠየቁ። ቅጾቹ ሁሉ እጅግ በጣም ጥሩ እየተባሉ የሚሞሉት ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲያ ስለሆኑ ሳይሆን፣ ዝቅ ያለ ውጤት ማስረጃ ስለሚፈልግና ማስረጃ ደግሞ ማየትን ስለሚፈልግ መሆኑን ጻፉ። ምላሽ 30 ተቆጣ፤ አጭር ጊዜ አብሮን የሚቆይን ልጅ፣ ለዓመታት ሌሎች ያሳለፉትን፣ ለምን እኛ እንጥለዋለን አለ። ምላሽ 31 ይበልጥ ተቆጣ፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ እያሉ ነው ያሳለፉት አለ። እዚህ ላይ ክሩ ለጥቂት ጊዜ መርዝ ሆነ፤ ከ32 እስከ 36 ማን ለታካሚ ያስባል፣ ማን ለተማሪ ያስባል የሚል እሰጥ አገባ ነው። ከዚያ ውስጥ የ34ኛዋ ብቻ ጠቃሚ ነገር ተናገሩ፤ ችግሩ በመጨረሻው ሳምንት ከተነገረ ቅጣት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከታየና በጽሑፍ ከተነገረ ግን ትምህርት ነው፣ ለሕክምና ትምህርት ቤቱም ወዲያው ይነገራል፤ ቅጹ እስኪሞላ አይጠበቅም።

ምላሽ 37። በመጨረሻም አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጻፈች። ስድብ ባለበት ክር ውስጥ መግባቷን አደንቃለሁ። መታየትን እንደማትፈራ፣ የሚያስፈራት ሳትታይ መመረቅ እንደሆነ ገለጸች። ከዚያ ማንም ያላነሣውን ጠየቀች፤ ሆስፒታል ውስጥ ስለ ታካሚ ማታ የተባለው ትክክል መሆኑን ጠዋት ማየት ይቻላል፣ በጠቅላላ ሕክምና ግን ያየችው ሰው በሩን ከፍቶ ይሄዳል፣ ትክክል ትሁን ትሳሳት አታውቅም። ባለፈው ያየችው ትኩሳት ያለበት ሕፃን ምን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ምላሽ 38 ለዚህ በደንብ መለሰ። ጠቅላላ ሐኪም በሽታን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ጊዜ መሆኑን፣ ስለዚህ ታካሚን ወደ ቤት መሸኘት ራሱ የሚማሩት ሙያ መሆኑን አስረዱ። ጠቅላላ ሐኪሙ ሮጀር ኔበር በ1987 ለሐኪሙ ያስቀመጧቸውን ሦስት ጥያቄዎች አስታወሱ፤ ግምቴ ትክክል ከሆነ ምን ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ተሳስቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ ያን ጊዜስ ምን አደርጋለሁ። ተማሪው እነዚህን ለራሱ መልሶ ለታካሚው በቀላል አነጋገር ካልተናገረ ምርመራው አላለቀም። ትኩሳት ካለ ቶሎ ይምጡ ማለት አይበቃም፤ ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቆመ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሲቀሰቅሱት ካልነቃ፣ ለመተንፈስ ከታገለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዴት እንደሚሄዱ ይነገራቸዋል። ከዚያም እናቲቱ የተባሉትን በራሳቸው አነጋገር እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። ጸሐፊው ይህን ስንብት ከምርመራው ሁሉ ለይተው ያያሉ፤ ጊዜ ካጠራቸው የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ብቻ ገብተው ይታዘባሉ።

ምላሽ 39 ለተማሪዋ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ ሰጠ። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ደብተር አለ፤ ተማሪው ካያቸው ታካሚዎች ጥርጣሬው ያልጠራለትን የካርድ ቁጥር፣ ከጎኑም ይሆናል ብሎ የገመተውን ይጽፋል። በሳምንቱ መጨረሻ ከአሠልጣኙ ጋር መዝገቦቹን ከፍተው ያያሉ፤ አስፈላጊ ከሆነ አሠልጣኙ ባሉበት ተማሪው ደውሎ ይጠይቃል። አስቀድሞ የተጻፈ ግምት ስለሆነ ኋላ አውቄው ነበር ማለት አይቻልም። ምላሽ 40 ስም እንዳይጻፍበት፣ ደብተሩም ከክሊኒኩ እንዳይወጣ አሳሰበ፤ 39ኛው ጸሐፊም እንደማይወጣ አረጋገጡ።

የመክፈቻው ጸሐፊ በ41 ሙሉ ምርመራ ማየቱን በስንተኛው ሳምንት መጀመር እንደሚሻል ጠየቁ። የ23ቷ ሐኪም በ42 መለሱላቸው፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ታካሚ ላይ፣ ተማሪው እሳቸው ምን እንደሚወዱ ገና ሳያጠና።